«ትልቁን ኢንቨርተር ግዙ» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የቴሌግራም ቡድኖች ሲቀባበሉት የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ስማቸውን ያልጠቀሱት ጸሐፊ፣ መብራት ሲጠፋ ቤትን የሚያቆይ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጥ ዕቃ) እና ባትሪ እንዴት እንደሚመረጥ ለመምከር ተነሥተዋል። ጽሑፉ በቀላል ቋንቋ የቀረበና ለገዢው ከማሰብ የመነጨ ስለሆነ ብዙ ሰው አምኖ አጋርቶታል። ነገር ግን ምክሩን እንዳለ የተከተለ ቤተሰብ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ሲያበቃ፣ መብራት በጠፋ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተመልሶ ጨለማ ውስጥ መቀመጡ አይቀርም። ከምክሮቹ አንዱ ደግሞ ከገንዘብ ኪሳራ አልፎ ሰው ሊገድል የሚችል ነው። ነጥብ በነጥብ መመለስ ተገቢ ሆኖ ያገኘሁት ስለዚህ ነው።

በቅድሚያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። አቅም የፈቀደውን ትልቁን ኢንቨርተር፣ ቢቻል ባለ 5 ኪሎዋቱን፣ መግዛት እንደሚሻል ይመክራሉ፤ «ትልቁ ትንሹንም ይሸከማል» የሚል ነው ምክንያታቸው። ባለ 200 አምፒር-ሰዓት አንድ ባትሪ በ12 ቮልት ሲባዛ 2,400 ዋት-ሰዓት ስለሚሆን፣ 100 ዋት የሚስብ ፍሪጅን ለ24 ሰዓት ያንቀሳቅሳል ብለው ያሰላሉ። የመኪና ባትሪም 12 ቮልት፣ በጥልቀት እየተራገፈ እንዲሞላ የተሠራው «ዲፕ ሳይክል» የሚባለውም 12 ቮልት ስለሆነ ልዩነቱ የነጋዴ ወሬ ነው ይላሉ፤ ኢንቨርተሩ በሚያወጣው የኃይል ሞገድ ላይ ያለውን፣ ፒዩር ሳይን ዌቭ (እንደ መስመሩ ኃይል ለስላሳ የሆነ) እና ሞዲፋይድ ሳይን ዌቭ (ደረጃ ደረጃ የሆነ) የሚባለውንም ልዩነት እንዲሁ ያጣጥሉታል። ሊቲየም ባትሪን በአንድ በኩል የእሳት አደጋ፣ በሌላ በኩል የሀብታም ቅንጦት አድርገው ያዩታል። ኢንቨርተር አንዴ ከተገጠመ የሚስተካከል ነገር የለውም፤ መግጠሙም ቢሆን በሁለቱም ጫፍ ስፒና ያለው ገመድ አዘጋጅቶ ከኢንቨርተሩ ወደ ግድግዳው ሶኬት መሰካት ብቻ ነው ይላሉ። በመጨረሻም፣ የህዳሴ ግድብ ሥራ ስለጀመረ የመብራት መጥፋት ሊቀር የተቃረበ ጉዳይ ነውና ለጊዜው የሚሆን ርካሽ ዕቃ ይበቃል ብለው ይደመድማሉ።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑባቸው ነጥቦችም አሉ። ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ ጀነሬተር አይሆንም ማለታቸው እውነት ነው፤ ከጩኸቱና ከጭሱ ሌላ፣ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር ከተጻፈበት ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ዕቃዎች ላይ የሚለጠፈው ቁጥር የተጋነነ ነው ማለታቸውም ልክ ነው። ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት በሚዛን አስመዝኑ ያሉት ደግሞ እኔም የምደግፈው ምክር ነው። እውነተኛ ባለ 200 አምፒር-ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ፣ ጄልም ሆነ ኤጂኤም (ሁለቱም አሲዱ የማይፈስባቸው ዝግ ዓይነቶች ናቸው)፣ ከ55 እስከ 65 ኪሎግራም ይመዝናል። ውስጡ ያለው እርሳስ ክብደቱን ሊደብቅ ስለማይችል፣ 200 ተብሎ ተጽፎበት 35 ኪሎ የሚመዝን ባትሪ በምንም ተአምር 200 ሊሆን አይችልም።

ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። «ትልቁን ግዙ» የሚለው ምክር የተሳሳተው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ነው። የኢንቨርተሩ ዋት በአንድ ጊዜ ስንት ዕቃ መክፈት እንደሚቻል ይናገራል፤ ዕቃው ለስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሚወስነው ግን ባትሪው የያዘው ዋት-ሰዓት ነው። የቧንቧ አፍ ስለሰፋ ሮቶው ውስጥ ያለው ውኃ አይጨምርም። በተወሰነ በጀት ለሚገዛ ሰው ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከፋል፤ ለኢንቨርተሩ ትልቅነት የሚከፈለው እያንዳንዱ ብር ከባትሪው ላይ የሚቀነስ ነውና።

ትልቅ ኢንቨርተር ምንም ሳይሠራም ይበላል። በገበያ ላይ የተለመዱት ባለ 5 ኪሎዋት ሃይብሪድ ኢንቨርተሮች (የመስመሩን መብራት፣ ባትሪንና ሶላርን አጣምረው የሚሠሩት) ምንም ዕቃ ሳይሰካባቸው ለራሳቸው ብቻ 50 ዋት አካባቢ ይስባሉ፤ ከዚያ የሚያንሱም የሚበልጡም አሉ። አንድ ቤተሰብ ማታ ማታ የሚፈልገው ራውተርና ሦስት አራት የኤልኢዲ አምፖል ቢሆን፣ የእነዚህ ድምር ከ50 ዋት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ያ ቤተሰብ ባለ 5 ኪሎዋቱን ሲገዛ ባትሪው ውስጥ ካለው ኃይል ግማሹን ለኢንቨርተሩ ራሱ እየመገበ ያድራል ማለት ነው። «ትልቁ ትንሹንም ይሸከማል» የሚለው አባባል ይህን ወጪ አይቆጥርም።

ሌላም የማይገጥም ነገር አለ። ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር አብዛኛውን ጊዜ በ48 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ፣ ቢያንስ አራት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ሊያያዙለት ይገባል፤ ጸሐፊው ግን በሚቀጥለው አንቀጽ የሚያሰሉት በአንድ ባትሪ ነው። ያን ያህል ኃይል በ12 ቮልት ልውሰድ የሚል ካለ፣ 5,000 ዋት ለ12 ሲካፈል ከ400 አምፒር በላይ ይመጣል። ይህን ያህል ፍሰት የሚችል ገመድ የአውራ ጣት ያህል የወፈረ መሆን አለበት፤ የአንድ ቤት ባትሪም ሊሰጠው አይችልም።

ብዙ ሰው ወደ 5 ኪሎዋት የሚሳበው በእንጀራ ምጣድ ምክንያት እንደሆነ እገምታለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል፤ ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ሊያሞቀው መቻሉ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ሞቆ፣ ተጋግሮ እስኪያበቃ ሁለት ሰዓት ቢወስድ፣ በየመሃሉ የሚጠፋበትን ጊዜ ቀንሰን እንኳ 5 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይህ ማለት ባለ 48 ቮልት፣ ባለ 100 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ፣ ማለትም ከአማካይ ቤተሰብ አቅም በላይ የሆነ ዕቃ፣ በአንድ ጋገራ ተሟጦ ያልቃል ማለት ነው። ምጣድ መብራት እስኪመጣ መጠበቅ ይችላል፤ ቀጥታ ሙቀት የሚያመነጩ ሌሎች ዕቃዎችም፣ ማለትም ምድጃ፣ የውኃ ማሞቂያና ካውያ፣ ከመጠባበቂያው ዝርዝር መውጣት አለባቸው።

እነዚህ ከወጡ በኋላ የሚቀረው ጭነት ሰዎች ከሚያስቡት ያነሰ ነው። አራት የኤልኢዲ አምፖል 40 ዋት፣ ራውተርና የፋይበር መቀበያው 20 ዋት፣ ቴሌቪዥን ከሪሲቨሩ ጋር 100 ዋት፣ ላፕቶፕ 60 ዋት፣ ፍሪጅ 150 ዋት ብንል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢከፈቱ ድምሩ 370 ዋት ነው። ከዚህ በላይ እንድንሄድ የሚያስገድደን የፍሪጁ ሞተር ነው፤ ኮምፕሬሰር ሲነሣ ለቅጽበት ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ይስባል። ይህን ሁሉ ለመሸከም የማያቋርጥ ጉልበቱ ከ1,200 እስከ 1,500 ዋት የሆነ፣ የቅጽበት ጉልበቱ የዚያ እጥፍ የሆነ ኢንቨርተር ይበቃል። ቁጥሩን ሲያነቡ ከፊት ለፊት በትልቁ የታተመውን ይለፉትና ከጎን ወይም ከጀርባ ያለችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ይፈልጉ። ፊቱ ላይ «3000» ተብሎ የተጻፈበት ኢንቨርተር ሰሌዳው ላይ ሲታይ 3,000 የቅጽበት ጉልበቱ፣ 1,500 ደግሞ የማያቋርጠው ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። የተጻፈው በኬቪኤ (በሺህ ቮልት-አምፒር) ከሆነም ወደ ዋት ሲለወጥ ይቀንሳል፤ 1.5 ኬቪኤ፣ ፓወር ፋክተሩ (ወደ ዋት ሲለወጥ የሚባዛበት ቁጥር) 0.8 ከሆነ 1,200 ዋት ነው።

አሁን ወደ 2,400 ዋት-ሰዓቱ ስሌት እንምጣ። ማባዛቱ ልክ ነው፤ ይሁን እንጂ ያ ቁጥር እንዳለ ወደ ሶኬቱ አይደርስም። የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከተፈለገ ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት፣ ሥራ ላይ የሚውለው 1,200 ዋት-ሰዓት ነው። ኢንቨርተሩ ከ12 ቮልት ወደ 220 ሲለውጥ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ሙቀት ሆኖ ስለሚጠፋ 1,050 ያህል ይቀራል። በተጨማሪም «200 አምፒር-ሰዓት» የሚለው ጽሑፍ ባትሪው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ተብሎ፣ በ10 አምፒር ብቻ፣ ሲፈስ የሚሰጠው መጠን ነው፤ 60 አምፒር ሲሳብበት ሩቡን ወይም ከዚያ በላይ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ 100 ዋት የሚስብ ዕቃ የሚቆየው ለ24 ሰዓት ሳይሆን ለ10 ሰዓት ገደማ ነው፤ ያውም ባትሪው አዲስ ሲሆን። ጸሐፊው ራሳቸው የሊድ አሲድ ባትሪን ሙሉ በሙሉ ማራገፍ እንደሚጎዳው በሌላ ቦታ ጽፈው ሳለ፣ ስሌቱ ላይ ሲደርሱ ሙሉ በሙሉ አራግፈውታል።

ምሳሌ ያደረጉት ፍሪጅ መሆኑ ግን ለእሳቸው ሊመሰከርላቸው ይገባል። የፍሪጅ ሞተር ሲሶ ወይም ግማሽ ያህሉን ጊዜ ብቻ ስለሚሠራ፣ አማካይ ፍጆታው ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ያነሰ ነው፤ ፍሪጁ ብቻውን ቢሰካ ከ10 ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል። ብቻውን የሚሰካው ቤት ግን ስንት ነው? ደግሞም በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ለ4 ሰዓት ያህል፣ ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ደግሞ ለሁለት ቀን ገደማ ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል። መብራት የሚጠፋበት ሰዓት አጭር በሆነበት ሰፈር ፍሪጁን ከኢንቨርተሩ መንቀል ባትሪውን ያስረዝማል፤ ኢንቨርተሩም ትንሽ እንዲሆን ያስችላል።

ጸሐፊው ፈጽሞ ያላነሡት ጉዳይ የባትሪው መሙላት ነው፤ ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ባትሪ የሚለካው በሚሰጠው ብቻ አይደለም፤ መብራት ተመልሶ እስኪጠፋ ባለው ጊዜ ውስጥ መሙላት መቻሉም አብሮ ይታያል። ርካሽ ኢንቨርተሮች ውስጥ ያለው ቻርጀር ብዙ ጊዜ 10 አምፒር ብቻ ነው። ግማሹን ያወጣ ባለ 200 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 100 አምፒር-ሰዓት ይፈልጋል፤ በ10 አምፒር ሲሞላ፣ በመሃል የሚባክነውና መጨረሻው ላይ ፍሰቱ የሚቀንስበት ጊዜ ሲታከል፣ 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። መብራት ከምሽቱ 4 ሰዓት መጥቶ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተመልሶ ቢጠፋ ያለው ጊዜ 8 ሰዓት ብቻ ነው፤ ባትሪው ሳይሞላ ሌላ ቀን ይጀምራል። የሊድ አሲድ ባትሪ ሳይሞላ በቆየ ቁጥር ፕሌቶቹ (በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች) ላይ የሰልፌት ንጣፍ እየጠነከረ ይሄዳልና በየሳምንቱ አቅሙ ይሸረሸራል። «ባትሪው ዱፕሊኬት ነበር» ተብሎ ሻጩ ከሚወቀስባቸው ጉዳዮች ቀላል የማይባሉት እንዲህ በጾም የሞቱ ባትሪዎች ይመስሉኛል። ለባለ 200 አምፒር-ሰዓት ሊድ አሲድ ባትሪ ከ20 እስከ 40 አምፒር የሚሞላ ቻርጀር ተገቢ ነው፤ ይህን ቁጥር ሻጩን ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው «አንዴ ከተገጠመ የሚስተካከል ነገር የለውም» የሚለው አነጋገር ነው። በእኛ ሁኔታ ይህ ብዙ ባትሪ የሚገድል ምክር ነው። በብዙ ሰፈሮች ማታ ማታ ምጣዱና ምድጃው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲለኮስ ቮልቴጁ ከ220 ወርዶ ወርዶ አምፖሉ ይደበዝዛል፤ መብራት ግን አልጠፋም። በአብዛኞቹ ሃይብሪድ ኢንቨርተሮች ላይ የመግቢያ ቮልቴጅ ምርጫ አለ፤ «ዩፒኤስ» በሚለው ላይ ከተቀመጠ ቮልቴጁ ከ170 ሲወርድ መብራት እንደጠፋ ቆጥሮ ወደ ባትሪ ያዞራል፣ «አፕላያንስ» በሚለው ላይ ከተቀመጠ እስከ 90 ድረስ ይታገሣል። የመጀመሪያው ላይ የተተወ ኢንቨርተር የቤቱ ሰዎች ምንም ሳያውቁ በየምሽቱ ባትሪውን ያራግፋል፤ መብራት በእውነት የጠፋ ቀን ባትሪው ባዶ ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ዝቅተኛው ቮልቴጅ በቀጥታ ወደ ፍሪጁ ስለሚያልፍ ሞተሩን ሊጎዳው ይችላል፤ ስለዚህ ፍሪጁ በስታቢላይዘር በኩል መሰካት አለበት። የባትሪው ዓይነትም መመረጥ ይኖርበታል፤ ለፈሳሽ ሊድ አሲድ የተዘጋጀውን «ኢኳላይዝ» የሚባል ከፍተኛ ቮልቴጅ ጄል ወይም ሊቲየም ላይ መተው ባትሪውን ያበላሻል።

«12 ቮልት ሁሉ አንድ ነው» ወደሚለው ስንመጣ፣ ቮልት ባትሪውን ለይቶ የሚያሳውቅ ምልክት አይደለም። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ለጥቂት ሰከንድ እንዲሰጥ ነው፤ ለዚህም ሲባል ፕሌቶቹ ስሶችና ብዙ ናቸው። መኪናው እንደተነሣ አልተርኔተሩ የወጣውን ወዲያው ስለሚመልስለት፣ ባትሪው ዕድሜውን ሙሉ ከጥቂት በመቶ በላይ ወርዶ አያውቅም። ያንኑ ባትሪ ለስድስት ሰዓት አምፖልና ቴሌቪዥን እንዲጎትት ማድረግ ስሶቹን ፕሌቶች ያፈራርሳቸዋል፤ በጥቂት ደርዘን ዙር (አንድ ዙር ተራግፎ መልሶ መሙላት ነው) ውስጥ አቅሙ ይከዳል። ዲፕ ሳይክል የሚባለው ወፍራም ፕሌት ያለው ስለሆነ ግማሹን እያወጣ አምስት መቶ ዙር አካባቢ ሊሠራ ይችላል። ርካሹን ባትሪ በዓመት ሁለቴ የሚቀይር ሰው በመጨረሻ ውዱን ገዝቷል።

የቤት ውስጥ አደጋም አለ። ፈሳሽ አሲድ ያለው ክፍት የመኪና ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥን ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠውን እንዲህ ያለ ባትሪ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው፣ ፖሉ ላይ የተጋገረውን ነጭና አረንጓዴ ዝገት፣ ክዳኑ ዙሪያ ያለውን እርጥበትና ጠረጴዛው እግር ላይ አሲዱ የበላውን ቀለም ያስተውላል፤ አየር በማይገባበት ክፍል ውስጥ ገመዱ ሲነቀል የሚፈጠር አንድ ብልጭታ ጋዙን ሊያፈነዳው ይችላል። እርግጥ ነው፣ እጁ ላይ የመኪና ባትሪ ያለው ሰው በችግር ቀን ራውተርና አንድ አምፖል ቢያበራበት፣ ከዚያም ወዲያው ቢሞላው፣ ዓለም አይገለበጥም። እንደ ቋሚ መፍትሔ እንዲገዛ መምከር ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ሳይን ዌቭ ብዙ አልልም፤ ጸሐፊው በግማሽ ትክክል ናቸው። የስልክ ቻርጀር፣ ላፕቶፕና አብዛኛው የኤልኢዲ አምፖል በሞዲፋይድ ሳይን ዌቭ ይሠራሉ። ሞተር ያለበት ዕቃ ግን ይግላል፣ ያጓራል፣ ዕድሜው ያጥራል፤ ፍሪጅ፣ ማራገቢያና የውኃ ፓምፕ የዚህ ወገን ናቸው። ታማሚ ያለበትና የኦክስጅን ማምረቻ የሚጠቀም ቤት ከፒዩር ሳይን ዌቭ ውጭ ማሰብ የለበትም። ፍሪጅ የሚሰካ ከሆነም የሁለቱ ኢንቨርተሮች የዋጋ ልዩነት ከአንድ ኮምፕሬሰር ማስቀየሪያ ጋር ተነጻጽሮ ይታይ።

ሊቲየምን በተመለከተ ጸሐፊው የተለያዩ ባትሪዎችን በአንድ ስም ጠቅልለዋል። በስልክና በላፕቶፕ ውስጥ ያለው ሊቲየም ሲጎዳ በኃይል የመቀጣጠል ጠባይ አለው፤ ለቤት መጠባበቂያ የሚሸጠው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ግን በኬሚስትሪው የረጋና ለእሳት እጅግ ያነሰ ዝንባሌ ያለው ነው። በውስጡ ቢኤምኤስ የሚባል ተቆጣጣሪ ሰሌዳ ስላለም ከልክ በላይ ሲሞላ፣ ሲራገፍ ወይም ሲግል ራሱን ያቋርጣል። ይህ ሲባል ከዚህም ከዚያም የተለቀሙ አሮጌ ሴሎችን በቴፕ አሥሮ «ሊቲየም» ብሎ የሚሸጠውን ሁሉ ማመን አይደለም፤ በዚያ ላይ ጸሐፊው ያላቸው ፍርሃት የኔም ነው።

«ቅንጦት ነው» የሚለው ግን በስሌት እንጂ በስሜት አይፈታም። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 200 አምፒር-ሰዓት ጄል ባትሪ በየዙሩ 1,200 ዋት-ሰዓት እየሰጠ 500 ዙር ቢሠራ፣ በዕድሜው የሚሰጠው 600 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት በየዙሩ 1,000 ዋት-ሰዓት እየሰጠ፣ ለጥንቃቄ 2,000 ዙር ብቻ ብንቆጥርለት፣ 2,000 ኪሎዋት-ሰዓት ይሰጣል። ስለዚህ የጄሉ ግማሽ አምፒር-ሰዓት የተጻፈበት ሊቲየም ዋጋው የጄሉ ሦስት እጥፍ ቢሆን እንኳ አንዱ ኪሎዋት-ሰዓት የሚያስወጣው አይበልጥም። ክብደቱ 12 ኪሎ ገደማ ስለሆነ አምስተኛ ፎቅ ድረስ አንድ ሰው ይዞት ይወጣል፤ ተስማሚ ቻርጀር ካለውም በሁለት በሦስት ሰዓት ይሞላል። ከላይ ያነሣሁት በአጭር የመብራት ሰዓት ውስጥ የመሙላት ችግር የሚፈታው በዋናነት እዚህ ላይ ነው።

ሆኖም ሊቲየም ለሁሉም ሰው አይመከርም፤ የሊቲየም ደጋፊዎች የሚዘሉት ይህን ነው። መብራት በሳምንት አንድና ሁለት ጊዜ ብቻ የሚጠፋበት ቤት በዓመት ከ50 እስከ 100 ዙር ያህል ነው የሚጠቀመው፤ በዚህ ፍጥነት ጄል ባትሪ ዙሩን ሳይጨርስ በዕድሜ ያረጃል፣ ሊቲየሙ ያለው ትርፍ ዙርም ሥራ ላይ ሳይውል ይቀራል። እዚህ ጋ ጄል መግዛት ብልህነት ነው። መብራት በየቀኑ የሚጠፋበት ቤት ግን በዓመት 365 ዙር ስለሚፈጅ ጄሉ ሁለተኛ ዓመቱን አይሞላም። ቦታውም ይወስናል፦ የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ወይም ለደብረ ብርሃን ብርድ የሚሆን ስሌት ለሰመራ፣ ለጋምቤላና ለድሬዳዋ አይሆንም። በጽሑፉ ውስጥ ይህ ልዩነት ጭራሽ አልተነሣም።

ስለ ህዳሴ ግድብ የተነሣው ነጥብ ብዙዎችን ያሳመነ ስለሚመስለኝ ጥቂት ልቆይበት። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም ከ5,000 ሜጋዋት በላይ ነው። የመብራት መጥፋት የማመንጨት እጥረት ብቻ ቢሆን ኖሮ የጸሐፊው ድምዳሜ ልክ በሆነ ነበር፤ ያ ዓይነት መጥፋትም በእርግጥ ነበረ። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ በመቀነሱ መብራት በፈረቃ ሲታደል የነበረው በማመንጨት እጥረት ነው። ቤታችን የሚደርሰው ኃይል ግን ከግድቡ በኋላ ብዙ እጅ ይቀበለዋል፤ ከፍተኛ መስመር፣ ሰብስቴሽን፣ የሰፈሩ ባለ 15,000 ቮልት መስመር፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶ፣ ከዚያም እስከ ቆጣሪው ያለው ገመድ። ዝናብ ሲጥል፣ ዛፍ ሲወድቅ፣ ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ሲጫን ወይም የቁፋሮ ማሽን የተቀበረ ኬብል ሲበጥስ የሚጠፋው መብራት ግድቡ ሞልቶ ቢፈስም ይጠፋል። ጎረቤት መንደር መብራት እያለው የእኛ የሚጠፋበት ምክንያት ይኸው ነው። የስርጭት መስመሩ መታደሱ አይቀርም፤ እስከዚያው ለሁለትና ሦስት ዓመት የሚሆን ዕቃ የሚገዛ ሰው በየስድስት ወሩ የሚቀየር ባትሪ ቢገዛ አተረፈ ለማለት ይከብዳል።

የመጨረሻው ነጥብ ባለ ሁለት ስፒናው ገመድ ነው፤ በዚህ ላይ የማለሳለሻ ቃል አልጠቀምም። የዚህ ገመድ አንዱ ጫፍ ኢንቨርተሩ ላይ ተሰክቶ ሌላው ከግድግዳው ሲነቀል፣ የተነቀለው ጫፍ ሁለት ራቁት ብረቶች 220 ቮልት ተሸክመው አየር ላይ ይንጠለጠላሉ። ልጅ ባለበት ቤት ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። ዋናው ብሬከር ሳይጠፋ ከተሰካ ደግሞ ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭው መስመር ይወጣል። አነስተኛ ኢንቨርተር የጎረቤቱን ሁሉ ጭነት መሸከም ስለማይችል አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይቆማል፤ ጸሐፊው «ምንም አይሆንም» ያሉትም ይህን አይተው ይሆናል። መስመሩ ከቤቱ አቅራቢያ ተበጥሶ ከሆነ ግን የሚሸከመው ጭነት የለምና አይቆምም፤ መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ የሚያገኘው ያ ኃይል ነው። ብሬከሩን ማጥፋት የረሳ ሰው ቤት መብራት በድንገት ከመጣም ሁለቱ ኃይሎች ይጋጩና ኢንቨርተሩ ይቃጠላል። መፍትሔው በአንድ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያገናኝ ቼንጅ ኦቨር ማብሪያ ማስገጠም፣ ወይም ለአምፖሉ፣ ለራውተሩና ለፍሪጁ ብቻ የተለየ መስመር ከኢንቨርተሩ መውጫ መዘርጋት ነው። ኑልም (መመለሻው ሽቦ) እንደ ፌዙ (ኃይል እንደሚያመጣው ሽቦ) ከውጭው መስመር አብሮ መለየት አለበት፤ የኢንቨርተሩ ብረት አካልም ከኧርዝ (ወደ መሬት ከሚወርደው ሽቦ) ጋር ይያያዝ።

በባትሪውና በኢንቨርተሩ መካከል ያለው ገመድ በጽሑፉ አልተነሣም፤ እሳት የሚነሣው ግን በብዛት ከዚያ ነው። በ12 ቮልት 1,500 ዋት ሲሳብ፣ ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ሲታከል፣ ከ130 አምፒር በላይ ይፈስሳል፤ ለዚህ ቢያንስ ባለ 35 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ፣ ርዝመቱም ከአንድ ሜትር ተኩል ያልበለጠ፣ ያስፈልጋል። በ24 ቮልት የሚሠራ ኢንቨርተር ቢመረጥ ፍሰቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ከ1,000 ዋት በላይ ለሚፈልግ ቤት እሱ ይሻላል። የባትሪው ፖዘቲቭ ፖል ላይ፣ እንደወጣ፣ ለገመዱ የሚመጥን ፊውዝ መግባት አለበት፤ ገመዱ አንድ ቦታ ተልጦ ቢገናኝ ባትሪው በሺህ የሚቆጠር አምፒር ይለቃልና። ገጣሚው ይህን ፊውዝ «አያስፈልግም» ካለ ሌላ ገጣሚ ይፈለግ።